አይጦቹ የሚወዱት

የሩዝ ኬኩን ከድንጋዩ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ እደረድራለሁ። ድንጋዩ ላይ የማንም ስም የለም። የዚህ ቤተ ሙከራ ሠራተኞች በዓመት አንዴ እዚህ ግቢ ተሰብስበው፣ በእጃቸው ለሞቱት አይጦች እጅ ይነሳሉ። ልጄ ቦራም ከሠራተኞቹ አንዷ ናት። ዛሬ ይዛኝ የመጣችው ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ክፉ ክፉውን እንዳላስብ ነው። ወንድሟ ዱሲክ ከሱስ ማገገሚያው ወጥቶ ከቡሳን ከተማ ወደ ቤት እየመጣ ነው።

ፖም የሚያስቀምጠው ጎረምሳ፣ ለሟች የሚቀርበው በሕይወቱ ይወደው የነበረው ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። አዎ እለዋለሁ፤ ለባሌ በየሙት ዓመቱ የማቀርብለት የተጠበሰ ዓሣ ነው።

"እንግዲያው እነዚህ ተሸውደዋል፣ እማማ። የሚወዱትን ብናቀርብላቸው ፖሊስ ይመጣብናል።"

ሁሉም ይስቃሉ። ቦራም ብቻ አትስቅም። አይጦቹ ይወጉት የነበረው፣ ዱሲክን ከእጄ የነጠቀኝ ያው አነቃቂ ዕፅ ነው።

ወደ ዛፉ ጥላ እወስዳትና፣ አይጦቹ ዕፁን ከተዉት በኋላ ይረሱታል ወይ እላታለሁ። መናገር አትፈልግም። እለምናታለሁ። አይጦቹ የሚሞከሩበት ሣጥን ሁለት ክፍል አለው ትለኛለች፤ አይጡ ሁልጊዜ የሚወጋው ግድግዳው ባለ መስመር በሆነው ውስጥ ነው። ሲደጋገም አንጎሉ ይለወጣል። የደስታው ንጥረ ነገር መርፌው ሳይመጣ፣ ግድግዳውን ሲያይ ብቻ መፍለቅ ይጀምራል። መርፌው ከቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ በሩ ሲከፈትለት ወደዚያው ክፍል ሄዶ ይጠብቃል።

"ምንም በሌለበት?"

"ምንም በሌለበት፣ እማዬ።" ከዚያ ቶሎ ብላ፣ "ዱሲክ እኮ ሰው ነው" ትለኛለች።

 ዱሲክ ዕፁን ሲወስድ የነበረው ቤታችን፣ ክፍሉ ውስጥ በሩን ቆልፎ ነው። እኔ ደግሞ ከሄደ ወዲህ አንዲት ዕቃ ከቦታዋ አላነሳሁም። መጋረጃውን እንኳ አጥቤ መልሼ እዚያው እሰቅለዋለሁ። ሲመጣ ባይተዋር እንዳይሆንብኝ ብዬ።

ስልኬ ይጮኻል። ዱሲክ ነው። በልተሃል ወይ እለዋለሁ፤ በልቻለሁ ይላል።

"እማዬ፣ ክፍሌን አልነካሽውም አይደል?"

ሰዎቹ ከድንጋዩ ፊት ይሰለፋሉ። ቦራም ነይ እያለች በእጇ ትጠራኛለች።

"እንዳለ ነው" እለዋለሁ።

እፎይ ሲል ይሰማኛል። ሁሉም አንድ ላይ ጎንበስ ይላሉ። እኔ ብቻ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ የልጄን ደስታ አዳምጣለሁ።