ግራጫዋ ነጥብ

ዩኒቨርሲቲው መሀል ከተማ ነው። ሰፊ ግቢ የለውም፤ ከበሩ ሁለት እርምጃ ወጣ ሲሉ የአውቶቡስ ፌርማታ ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ አንድ ተመራቂ ይጠራና ስለተማረበት ዘመን ያወራል። ዘንድሮ የተጠራው ዲዛይን ተምሮ በማዕረግ የወጣ ልጅ ነበር።

ልጁ ንግግሩን ሦስት ቀን ጻፈው፤ መስታወት ፊት ቆሞም ደጋገመው። ከተማው ራሱ መማሪያ ክፍል እንደሆነ፣ ጠዋት ክፍል ከሰዓት ሥራ መዋል ሰውን እንዴት እንደሚያበስለው ጻፈ። በመጀመሪያው ዓመት ልምምዱ ታፔላ ቤት ቀለም በጠበጠ። በሁለተኛው የእንጨት ሥራ ቤት ገብቶ ጣቱን በመጋዝ ተቆረጠ። በሦስተኛው ትልቅ የዲዛይን ቢሮ ደረሰውና የአንድ ፋብሪካ አርባ ዓይነት ማሸጊያ በእጁ ገባ። ማሸጊያው ሁሉ በየቀለሙ ሲጮህ ገበያ ይመስል ነበር፤ እሱ ቀለሙን አጥቦ ሁሉንም አንድ መልክ አደረገው። ማተሚያ ቤት ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ታዲያ ሰው በምን ይለየው?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ያንብበዋ» አላቸው። እዚህ ላይ አዳራሹ እንደሚስቅ አስቦ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ትንሽ ቆም በል» ብሎ ጻፈ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ምስጢሩን ሊነግራቸው አሰበ። በሠራው ነገር ሁሉ ላይ፣ በግራ በኩል ታች ጥጉ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ግራጫ ነጥብ ያስቀምጣል። አስተማሪው እንኳ እስከ ምረቃው ቀን ድረስ አላያትም።

ንግግሩን ሊሰሙለት የጓጉት አባቱ ግን ከሞቱ ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል።

አባትየው ዕቃ ተሸካሚ ነበሩ፤ ልጁን ያስተማሩት በትከሻቸው ነው። ሐኪሙ ልጁን ለብቻው ጠርቶ የሆነውን ነገረው። አባትየው በሳምንት አንዴ ብቻ የሚዋጠውን የመገጣጠሚያ መድኃኒት ለአሥራ ሁለት ቀን በየቀኑ ሦስቴ ሲወስዱ ቆይተዋል። ሐኪሙ የሚሰጣቸው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

የምትሰጣቸው የእንጀራ እናቱ ነበረች። ስድስት ዓመት አብራቸው ስትኖር ቀዩን ፓኬት እሑድ ከጸሎት መልስ፣ አረንጓዴውን ከምግብ በኋላ እያለች አንድ ቀን አዛንፋ አታውቅም።

ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሰው የጠረጠራትም ለዚሁ ነው። የልጁ አክስት እህል ቢጤ እያኘከች፣ «ስድስት ዓመት ሳትሳሳት ኖራ፣ ስሟ ቤቱ ላይ በገባ በሁለት ወሩ ተሳሳተች» አለች። ከዚያ አፏን ጠረገችና፣ «እኔ ምንም አልወጣኝም» ብላ ጨመረች።

እውነትም አባትየው ከመታመማቸው በፊት ሚስታቸውን ይዘው ሄደው ቤቱን በሁለቱም ስም አድርገውት ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ሌላ ነገር መስማት አልቻለም።

ሁልጊዜ «እትዬ» እና «እርስዎ» ነበር የሚላት። በዚያን ቀን «አንቺ» አላት። ወረቀት አዘጋጅቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ የጣት አሻራ ቀለም አስቀምጦ ጠበቃት። ወይ ቤቱን ትለቃለች፣ ወይ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል።

ሴትየዋ ከመደርደሪያው አንድ ፌስታል አውርዳ ወደ እሱ ዘረጋች።

«ልጄ፣ በሞተው ይሁንብህ፣ አንዴ ብቻ እየው።»

«ሐኪሙ ነግሮኛል። ያንቺን ፌስታል ምን አደርገዋለሁ?»

እጇን መታው። ፌስታሉ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችውና አውራ ጣቷን ነክራ ፈረመች። ጣቷን የምትጠርግበት ነገር በዓይኗ ስትፈልግ አይቷል፤ ፎጣው አጠገቡ ነበር፤ አላቀበላትም። በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

አንዲት ልብስ አጣቢ በዕቃ ቤቷ አስጠጋቻት። ሴትየዋ ቀን አብራት ታጥባለች፤ ማታ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ትጸልያለች። ከሟቹ ስም ቀጥሎ የልጁን ስም ትጠራ ነበር። አጣቢዋ በዚህ ትናደዳለች። «እሱን ብሎ ልጅ! ለሱ ከምትጸልዪ ለእግዜር እረፍት ስጪው» ትላታለች። ሴትየዋ ግን ቤቱን አትመኝም። ያ ልጅ እሷን ገዳይ እያለ እንዳይኖር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ለዚያ ደግሞ ፌስታሉን ማየት አለበት። ሁለት ጊዜ ሄዳ በሩን አንኳኳች። ሁለቱንም ጊዜ መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፤ በሩ አልተከፈተም።

የንግግሩን ቀን የሰማችው ከአጣቢዋ ነው። ልብስ ከምታጥብላቸው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የአንዱን ሸሚዝ ስትተኩስ ኪሱ ውስጥ የጥሪ ወረቀት አግኝታ አነበበችላት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሴትየዋ ኋላ፣ በሩ ጥግ ተቀመጠች። ልጁ አየት አደረጋትና ፊቱን አዞረ። ጥሩ ተናገረ። ታፔላ ቤቱን፣ የእንጨት ሥራውን፣ ቢሮውን አወራ። «ያንብበዋ» ሲል እንዳሰበው ሳቁ፤ ትንሽ ቆም አለ። ስለ ነጥቧ ሲነግራቸው አጨበጨቡ። በመጨረሻም ለዚህ ያበቁት አባቱ በሰው ክፋት እንደተቀጠፉ ተናገረና ወደ በሩ ጥግ ተመለከተ። ብዙ ራስ አብሮ ዞረ።

ሴትየዋ ተነሳች። በወንበሮቹ መሀል ቀስ እያለች መጣች። ጥበቃው ሊከለክላት ሲል፣ «ተዋት፣ ትምጣ፣ ሁሉም ይያት» አለ ልጁ።

ከፌስታሉ ሁለት ፓኬት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ጥፍሯ ሥር ያ ሰማያዊ ቀለም ገና አልለቀቀም።

«ፋርማሲው በመጨረሻ የሰጠኝ እነዚህን ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አባትህም አልቆጠረም» አለችው። «የእሑዱ የትኛው እንደሆነ አንተ አንብብልኝ።»

ሁለቱም ነጭ ነበሩ፤ በሁለቱም ላይ፣ በግራ በኩል ታች ጥጉ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ግራጫ ነጥብ ነበረች።