ወደ መቲ የሚሄደው መኪና

ጋትሉዋክ «ኛቦትም ሰላም ብላሻለች» ብሎ ጽፎ ሳይጨርስ፣ ከጀርባው ቆማ ታነብ የነበረችው ሚስቱ ኛዌች እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ይሄን ሰርዘው» አለችው።

«ሰላምታ እኮ ነው።»

«ነገ የምትሄድ ልጅ ናት። ኛሊየፕ ግን እዚህ የምትጠብቃት ይመስላታል።»

ልጃቸው ኛሊየፕ ቤተ ክርስቲያናቸው መቲ ከተማ ለልጆች ወዳዘጋጀው የክረምት ካምፕ ከሄደች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከቤት ርቃ ስታድር የመጀመሪያዋ ነው። ካምፑ ስልክ አይፈቅድም። ወላጆች የሚጽፉትን ደብዳቤ ሹፌሩ ተክሌ ለልጆቹ ከሚወስደው ዱቄትና ዘይት ጋር ያደርስላቸዋል። አሁንም ፒክአፑን አጥሩ ጥግ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃቸዋል።

መጻፍ ያቃታቸው የኛቦትን ነገር ነው። ኛቦት የጋትሉዋክ ታናሽ ወንድም የኳች ልጅ ናት። እናቷ ስትሞትባት፣ ኳች ገና ድክ ድክ ስትል ይዟት መጥቶ እዚህ ኒውላንድ ሰፈር እነሱ ዘንድ ትቷት ወደ ደቡብ ሱዳን ተመለሰ። አሁን ስምንት ዓመት ሆኗታል። ከኛሊየፕ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት፤ ለጠየቃቸው ሁሉ እህትማማች ነን ይላሉ። ኳች ባለፈው እሁድ ሳይታሰብ ከች አለ። ጁባ የውሃ ቦቴ ይነዳል፤ ቤት ተከራይቷል፤ ልጁን ሊወስድ ነው። አባት ልጄን ስጡኝ ሲል እምቢ የሚል የለም። ኛዌችም እምቢ አላለችም።

«አሁን ብንነግራት ሰው አገር ታለቅሳለች» አለ ጋትሉዋክ። «ስትመለስ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

«ስትመለስ መጀመሪያ የምትጠራው እሷን ነው። ያኔ ምን ልትላት ነው?»

ጋትሉዋክ ከላይ የጻፈውን፣ የባሮ ወንዝን መሙላት፣ የፍየሏን መንታ መውለድ፣ እንደ አዲስ ነገር ማንበብ ጀመረ።

ኛቦት የእግሯን ጭቃ ደፉ ላይ ጠርጋ ገባች።

«ለኛሊየፕ ነው?» አለች ወረቀቱን አይታ። «የኔን ቦታ ለማንም እንዳትሰጥ በሉልኝ። ትምህርት ሲከፈት እመጣለሁ።»

ኛዌች ባሏን አየችው። እሱ ከወረቀቱ ቀና አላለም።

«እንደዚያ ያለሽ ማነው?»

«አባባ ነዋ።» አባባ የምትለው ጋትሉዋክን ነው፤ ኳችን ገና በምንም ስም ጠርታው አታውቅም።

ኛዌች ድምጿን ከፍ አላደረገችም። በሩ ላይ ቆማ፣ ደጅ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ኳችን ጠራችው። ረጅሙ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ትምህርት ሲከፈት እመጣለሁ እያለች ነው» አለችው። «ንገራት።»

ኳች ወንድሙን አየ፤ ከዚያ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለ።

«የምትማሪው እኔ ጋ ነው» አላት። «ትምህርት ቤት አግኝቻለሁ። እዚህ ለገና እንመጣለን፣ መንገዱ ደህና ከሆነ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ አንመጣም።»

ኛቦት አላለቀሰችም። ወደ ኛዌች ዞረች።

«ኛሊየፕ መቼ ነው የምትመጣው?»

«እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ።»

«እንግዲያው አላያትም።»

ውጪ ተክሌ ጥሩምባውን ነካ አደረገው። ኛዌች ወጥታ ወደ መኪናው ሄደች።

«ተክሌ፣ ከፊት ስንት ሰው ይይዝልሃል?»

«ሁለት። ምነው የኛሊየፕ እናት፣ ልትመጪ ነው?»

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ነገ ከሰዓት፣ ዝናቡ መንገዱን ካልቆረጠው።»

ተመልሳ ገባች። «ኳች፣ መቲ ይዘሃት ሂድ» አለችው። «ለእህቷ ራሷ ትንገራት።»

«የኛ መኪና እኮ ነገ ጠዋት ነው የሚነሳው።»

«ሌላ መኪና ይኖራል።»

ኳች ልጅቷን አያት፤ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «ከኔ ጋር መንገድ አልለመደችም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንቺ ብትወስጃትስ? እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።»

ኛዌች ይህን መኪናው ጋ ቆማ ሳለች አስባው ነበር። ሁለት ቦታ ለእሷና ለልጅቷ ይበቃል። ኛቦት መኪና ላይ እንቅልፍ ይጥላታል፤ መንገዱን ሙሉ ጭኗ ላይ ተኝታ ትሄዳለች። ኛሊየፕንም ታያታለች።

«አንተ ነህ የምትሄደው» አለችው። «ካንተ ጋር መልመድ አለባት።»

ጋትሉዋክ የጻፈውን ሰላምታ ሰረዘ። ከሥሩ «ኛቦት ራሷ እየመጣች ነው፤ የምትነግርሽ አላት። አትቀየሚን» ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶውን ለኛዌች ሰጣት። እሷ ብዙ ለመጻፍ አስባ ነበር፤ ስሟን ብቻ ከስሙ አጠገብ ጻፈችና ወረቀቱን አጠፈችው።

ኛቦት በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ኳች በእሷና በተክሌ መሃል ረጃጅም እግሮቹን አጥፎ ገባ። ልጅቷ ደብዳቤውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊት ታያለች። ኛዌች ልትስማት ጎንበስ አለች፤ ኛቦት ጉንጯን ሰጠቻት እንጂ ዞር አላለችም።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ኳች እጁን በልጅቷ ፊት አሳልፎ መስኮቱን ዘጋው። ኛቦት ማዞሪያውን ይዛ መልሳ ከፈተችው።

ኛዌች አጥሩ በር ላይ ቆማ፣ ደግሞ ይዘጋው እንደሆነ ጠበቀች። ኳች እጁን ሰበሰበ። መኪናው ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ መስኮቱ እንደተከፈተ ነበር፤ ዝናቡ ሁለቱም ላይ ይገባል።