የጠበቃው ጫማ

«የለም» ይላሉ እናትየው በሩን ገርበብ አድርገው። ከኋላቸው የልጃቸው ሳል ይሰማል።

መምህርቷ አልፋቸው ትገባለች። ትምህርት አቋርጠው ያለ ሥራ የተቀመጡ ወጣቶችን ወደ ክፍል የምትመልሰው እንዲህ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቤት ለቤት እየዞረች፣ ከአልጋ እየቀሰቀሰች። ዛሬ ደግሞ የሙያ ማሠልጠኛው መግቢያ ፈተና ነው። የቀረ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል።

ልጁ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ በባዶ እግሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጓደኞቹ «ጠበቃው» ይሉታል፤ ለመቅረቱ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

«ቲቸር፣ ጫማዬ ጠፋ።»

«ጎሽ! ባለፈው ሳምንት አክስትህ ሞተች ብለህ ቀረህ። እሁድ ገበያ አገኘኋት፤ ሽንኩርት ተወደደ እያለች ስታማርር።»

«እሱን ተይው። ይሄኛው ግን የእውነት ነው።»

«ልቤን አታውልቀው! የፈተናው ክፍል በር ሊዘጋ ነው።»

ተንበርክካ አልጋው ስር ታያለች። ከበሩ ጀርባ፣ ከከሰል ጆንያው ኋላ፣ ከባልዲው ስር። ልጁም አብሯት ይንበረከካል። ላብ አጥምቆታል፤ ሲዋሽ ደግሞ አልቦት አያውቅም።

እናትየው ብቻ አይፈልጉም። የልብስ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው የታጠፈ ፎጣ መልሰው ያጥፋሉ።

«እማማ፣ እስቲ አንዴ ይነሱልኝ።»

አይነሱም።

«እማማ!»

«ያኔ ፈተና ወድቆ ሲመጣ አንቺ አላየሽውም» ይላሉ ፎጣውን እያዩ። «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከረመ። ያቀረብኩለትን ምግብ እንዳለ አነሳው ነበር። አሁን ሥራ ባይኖረውም ይበላል፣ ይስቃል፣ ይዋሸኛል። ለእኔ ይበቃኛል።»

መምህርቷ ለሰነፍ ልጅ የሚሆን ቁጣ ሞልቷታል፤ ለእናት የሚሆን ግን የላትም። ደክሟት ግድግዳውን ትደገፋለች።

ጠበቃው ቀስ ብሎ እናቱ ፊት ቁጢጥ ይላል።

«እማ፣ ተነሽ በቃ።»

ይነሳሉ። ልጁ ሳጥኑን ከፍቶ ጫማውን ከብርድ ልብሱ ስር ያወጣና እግሩን ይከትበታል፤ ክሩን አያስርም።

«ነይ እንሂድ ቲቸር፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ?»

«እኔን ነው?!» መምህርቷ ቦርሳዋን መንትፋ ቀድማው ትወጣለች። በመንገዱ ሲሮጡ እናትየው ደጃፍ ላይ ቆመው ያያሉ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ልጁ ድንገት ይቆማል።

«እማ! ምሳዬን አስቀምጪልኝ!»

«ካለፍክ?»

«ባልፍም ባላልፍም!»

«ኧረ ስለ ፈጣሪ!» ትጮኻለች መምህርቷ ከወዲያ። «ቆሞ ስለ ምሳ ያወራል እንዴ!»

እናትየው በእሺታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ልጁ መታጠፊያውን ካለፈ በኋላም ይነቀንቃሉ።