ጥሩምባ ያልተነፋበት ዝናብ

ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ጥሩምባ ይነፋል፤ ሰውም ከብቱም ጣራ ስር ይገባል። የፋብሪካው ጭስ ዝናቡን አሲድ ካደረገው ወዲህ ቆርቆሮው በየክረምቱ ይበሳል፤ የኮክ ዛፍም ፍሬ መያዝ ትቷል።

ዛሬ ግን ደመናው ሲከብድ ጥሩምባው ዝም አለ። ጭስ ማውጫዎቹ ላይ ማጣሪያ ከተገጠመ ዓመታት አልፈዋል፤ ጠዋት ሬዲዮው «የዛሬው ዝናብ ንጹሕ ነው» ብሎ ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሻሻቸውን ፈተው ደጅ ወጡ። በልጅነታቸው እናታቸው በአሸንዳ ስር አስቀምጠው ፀጉራቸውን የሚያጥቡላቸው በዝናብ ውሃ ነበር። «ያለሰልሳል» ይሏቸው ነበር።

«እማዬ፣ ግቢ! ያቃጥልሻል!» ብላ ጮኸች ልጃቸው ትርሲት ከበሩ ሆና። በጥሩምባው ዘመን ተወልዳ ለወግ ለማዕረግ የደረሰች ናት፤ ዝናብ ነክቷት አያውቅም።

«ነይ እስቲ፣ እጅሽን ብቻ ዘርጊ» አሏት፣ ውሃው በሽበታቸው ላይ እየወረደ።

ትርሲት ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ዘረጋች። ጠብታው ሲያርፍባት ደነገጠች፤ ግን አልሸሸችም።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዝናብ ይቀዘቅዛል እንዴ?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ሳቃቸው መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባቸው ቀደመው። ስለ ዝናብ ስንቱን ሲያወሯት ኖረው፣ ይህን መንገር ረስተው ነበር።