ዘጠነኛው ቀረጻ

ታሪኳ ጊታሯን በሮክ ስልት እየገረፈች፣ ድምጿን እንደ ኦፔራ ዘፋኝ ወደ ላይ እየሳበች፣ ራሷ የደረሰችውን ዘፈን ለዘጠነኛ ጊዜ ስትቀርጽ በሩ ተበረገደ። እስራኤል ውስጥ ባለው የኪርያት ኖርዳው ሰፈር ጎረቤቶቿ የሆኑ ሦስት አሮጊቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ።

«ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?»

«ማንም አልሞተም። እየዘፈንኩ ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ። ዘፈኑ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል ብላ ለሰው ሁሉ ለፍፋለች፤ ቀረጻው ግን ይኸው እንደገና ተበላሸ።

«እኛማ ይህን ሁሉ ደረጃ በከንቱ ወጣን» ብለው ሁለቱ እያጉረመረሙ ሄዱ። ትልቋ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እርስዎስ አይሄዱም?»

«ወደዚህ ስንሰደድ እህቴን ሱዳን ቀበርናት፤ ተደብቀን ስለነበር ሰው እንዳይሰማን ብለን አላለቀስንላትም» አሉ። «በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪው።»

ታሪኳ መቅረጫውን ሳታበራ ጊታሯን አነሳች።