ያልተዘራ ማሳ

የወረዳው ሬዲዮ «በአየር ንብረት ለውጥ የተነሳ ዘንድሮ ክረምቱ በወር ቀድሞ ይገባል» ካለ ሳምንቱ ነው። ይህንኑ ሳይንስ ባሕር ማዶ ተምሮ ወደ አጎቱ ቤት የተመለሰው ሰው ግን አላመነም። ለአጎቱ የቀረቻቸው አንዲት ቁና የበቆሎ ዘር ናት፤ አሁን ተዘርታ በቅላ ዝናቡ ቢቋረጥ ዓመቱን ሙሉ ጦም ማደር ነው፤ ቢያረፍዱ ደግሞ ወቅቱ ያመልጣቸዋል።

«ጋሼ፣ ለውጡስ እውነት ነው» አላቸው። «ግን ከብዙ ዓመት መዝገብ የሚነበብ ነገር እንጂ የዘንድሮን ዝናብ ቀን ቆርጦ አይናገርም። ለመሆኑ ይህን ያለው ማነው? በምን መረጃ?»

አጎቱ ሳቁ። «እኛማ አጣርተናል። በሬዲዮ የሚያወራው የጎረቤታችን የድንበሩ ልጅ ነው። ድንበሩ ደግሞ እስካሁን አልዘራም። የገዛ አባቱ ያላመነውን እኔ ላምን?»

ምንጭ ማጣራት እንዲህ ነው ሲል በልቡ አደነቃቸው። ቢሆንም ጥርጣሬው አላስቀምጥ አለውና ምክንያቱን ከራሳቸው ከድንበሩ አፍ ሊሰማ ሄደ። ሽማግሌው ዘራቸውን በጆንያ ቋጥረው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ለምን አልዘሩም?»

«ልጄማ በየቀኑ ዝራ ይለኛል» አሉ። «እኔ ግን የአጎትህን ማሳ እያየሁ ነው። እሱ ቤት የተማረ ሰው አለ፤ ሲዘራ እዘራለሁ ብዬ።»