ደረቅ ዳይፐር

«ለልጁ ነው አይደል?» አለች ፋርማሲስቷ ሻሂናዝ፣ ወደ ሕፃናት መድኃኒት መደርደሪያው እየዞረች።

«ኧረ ለእኔ ነው!» አሉ ሐጂ ዐብደልሐፊዝ፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወንበሩ ላይ እየተዘረፈጡ። «እሱ ምን ሆነ? የምሞተው እኔ!»

ምራታቸው ፋውዚያ የስምንት ወር ልጇን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ ፈገግ አለች። «ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ናቸው፣ ዶክተር። ጩኸታቸው ሰፈሩን ሰበሰበው።»

«ሳልሰናበት ልሙት እንዴ?»

ሻሂናዝ ጠየቀች፤ ሐጂ መለሱ። ቁርጠቱ መጣ ሄድ ይላል። ሦስቴ አስመልሷቸዋል፤ ተቅማጡንማ መቁጠር ትተዋል። ትኩሳት ትንሽ፤ ደም የለውም። በዚህ በደቡብ ግብፅ፣ በቂና ከተማ ሐሩር ውሃ እየጠጡ ነው? ውሃም ሻይም። ሽንትስ? እንደ ወትሮው።

«አይሞቱም፣ ሐጂ» አለች፣ መድኃኒታቸውን ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠች። «ትንሹን አላመመውም?»

«ትናንት ተቅማጡ ከእኔ ብሶበት ነበር። ሆዱ እንዲያርፍ ጡት ከልክዪው አልኳት፤ ይኸው ቀጥ አለለት።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ፋውዚያ። «ከንጋት ጀምሮ ዳይፐሩ ደረቅ ነው፤ ሽንት እንኳ የለበትም። ማልቀሱንም ተወ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሻሂናዝ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። ድምፅዋ ድሮም ከአየር ማራገቢያው በላይ አይሰማም፤ አሁንም ከፍ አላደረገችውም።

«እስቲ አምጪው።»

አፉ ውስጥ ጣቷን ስታስገባ ምላሱ ደረቅ ነበር። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ እርግብግቢቱ ሰርጉዷል። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆየና ቀስ ብሎ ተመለሰ። ልጁ አፉን ከፍቶ በሰለለ ድምፅ አለቀሰ። እንባ አልነበረውም።

«አልተሻለውም» አለች። «ተቅማጡ የቆመው ከሰውነቱ የሚወጣ ውሃ ስላለቀ ነው።»

ፋውዚያ አማቷን አየቻቸው። ሐጂ ሆዳቸውን ለቀቁ።

ሻሂናዝ ከመደርደሪያው የኦ አር ኤስ ዱቄት አንስታ በጠርሙስ ውሃ በጠበጠችና ከማንኪያ ጋር ሰጠቻት። «አሁኑኑ ሆስፒታል። እስክትደርሱ ጥቂት ጥቂት አጠጪው፤ ቢያስመልሰውም ትንሽ ታግሰሽ ቀጥዪ። ጡትም ስጪው።»

ሐጂ ቀድመው ወጥተዋል። ጀለቢያቸውን ሰብስበው አስፋልቱ መሃል ገቡ፤ እጃቸውን ዘርግተው የመጣውን ባጃጅ አስቆሙ። የእሳቸው መድኃኒት ባንኮኒው ላይ ቀረ።